አጋታ ክሪስቲ፦ ማንም ልብ የማይላቸውን መርማሪ ያደረገች ደራሲ

በሪያድ የመጻሕፍት መደብሮች ውስጥ ወደ አረብኛ የተተረጎሙ ልብ ወለዶች በሚደረደሩበት ክፍል ያለፈ ሰው፣ የአንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ ስም ተደጋግሞ ያጋጥመዋል። አጋታ ክሪስቲ ካረፈች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተቆጥሯል። መጻሕፍቷ ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ እስካሁን የተሸጡትም ቅጂዎች ሁለት ቢሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ይህን ያህል አንባቢ ያፈራችው ስለ ግድያ በመጻፍ መሆኑ ሲታሰብ ያስገርማል። አንባቢዎቿ መጽሐፏን የሚከፍቱት ግን ለመሸበር አይደለም፤ ከሥራ መልስ አእምሯቸውን ለማሳረፍና በየመካከሉ ፈገግ ለማለት ነው።

በእነዚህ ልብ ወለዶች ደም እምብዛም አይታይም፤ ግድያው የሚፈጸመው ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። ቦታው ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር፣ እንግዶች የተሰበሰቡበት ትልቅ ቤት ወይም በረዶ ያገደው ባቡር ሊሆን ይችላል። ምስጢሩን የሚፈታውም ብዙ ጊዜ ሹመትም ደመወዝም የሌለው ሰው ነው፤ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት፣ ሥራ ያጡ ሁለት ወጣቶች፣ ፖም እየገመጠች የምታስብ ዝንጉ ደራሲ። አንባቢውም ከእነርሱ ጋር ይጠረጥራል፣ ይሳሳታል፣ እውነቱ ሲገለጥም በገዛ ስሕተቱ ይስቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ከሩቅ የመጣ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በሀገራችን ገጠር አንድ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በአፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ በአውጫጭኝ፣ ይሰበሰብ ነበር። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ተሰብሳቢው አይበተንም፤ የቀረም ይቀጣል። ሥርዓቱ የቆመው በመንደር ውስጥ የተደረገ ነገር ከመንደሩ ሰው ዓይን ፈጽሞ አያመልጥም በሚል እምነት ላይ ነው። የክሪስቲ ልብ ወለዶችም የቆሙት በዚሁ እምነት ነው። ልዩነቱ የእርሷ አፈርሳታ ሜዳ ላይ ሳይሆን በሻይ ገበታ ዙሪያ መቀመጡ ብቻ ነው።

አጋታ ሜሪ ክላሪሳ ሚለር የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። እናቷ ልጅቱ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ማንበብ እንዳትጀምር ፈልገው ነበር፤ እርሷ ግን ገና በአምስት ዓመቷ ራሷን በራሷ አስተማረች። አሜሪካዊ አባቷ ሲሞቱ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ የገንዘብ ችግር ገጠመው። ዓይን አፋር ነበረች። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ይከብዳት ስለነበር ታዳምጥ ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አብሯት ኖረ።

በ1914 የገና ዋዜማ አርቺባልድ ክሪስቲ የተባለ የአየር ኃይል መኮንን አገባች። ባሏ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምት እርሷ በቶርኪ በበጎ ፈቃደኛ ነርስነት ቁስለኞችን ታስታምም ጀመር። በኋላም ወደ ሆስፒታሉ የመድኃኒት ክፍል ተዛወረች፤ በ1917 የመድኃኒት ቅመማ ፈተና አለፈች። ኋላ በልብ ወለዶቿ ገጸ ባሕርያት ሻይና ቡና ውስጥ የጨመረችውን መርዝ ሁሉ ያወቀችው ያኔ ነው።

ከዚህ የሥልጠና ዘመን አንድ ታሪክ በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ተመዝግቧል። ያስተምራት የነበረው መድኃኒት ቀማሚ በራሱ እጅግ የሚተማመን ሰው ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ሲያዘጋጅ የነጥቧን ቦታ ተሳስቶ መጠኑን አሥር እጥፍ አደረገው። አጋታ ስሕተቱን አየች፤ ነገር ግን አንዲት ተለማማጅ ወጣት ለእንዲህ ያለ ሰው ተሳስተሃል ብትለው እንደማይቀበላት ታውቅ ነበር። ስለዚህ የተደናቀፈች መስላ መድኃኒቱን ከነሳሕኑ መሬት ላይ ደፋችው፤ በጫማዋም ረገጠችው። ይቅርታም ጠየቀች። ሰውየው አዲስ መድኃኒት አዘጋጀ፤ ታካሚውም ከአደጋ ዳነ። ቀማሚው ምን እንደ ተደረገለት አላወቀም። እንደ እኔ አስተያየት ከዚያ በኋላ የጻፈችው ሁሉ ጭብጡ እዚህ ላይ አለ፤ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ሁሉን ያያል፣ ያየውንም የሚሠራበት መንገድ ያገኛል።

የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የጻፈችው እኅቷ አትችይም ብላ ስላስወራረደቻት ነው። በጦርነቱ ምክንያት ወደ ቶርኪ የተሰደዱ ቤልጂጋውያን ነበሩና፣ ኸርኩል ፑዋሮ የተባለውን ቤልጂጋዊ መርማሪ ከእነርሱ ወሰደች። ስደተኛ፣ አጭር፣ ጢሙን የሚንከባከብ፣ ንግግሩም የውጭ ሰው ስለሆነ ሁሉም የሚንቀው ሰው ነው። ፑዋሮ ንቀቱን አይጠላውም፤ እንዲያውም ይጠቀምበታል፤ የናቁት ሰዎች በፊቱ ያለ ጥንቃቄ ይናገራሉና። በርከት ያሉ አሳታሚዎች ረቂቁን መለሱባት። «የስታይልስ ምስጢራዊ ጉዳይ» በ1920 በአሜሪካ፣ በተከታዩ ዓመት በብሪታኒያ ታተመ። ደራሲዋ ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ለእርሷ ከገንዘቡ ይልቅ ደስ ያሰኛት የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት መርዙን በትክክል ገልጻዋለች ብሎ ማመስገኑ ነው።

1926 የመከራ ዓመት ሆነባት። እናቷ በጸደይ ሞቱ። በበጋው ባሏ ሌላ ሴት እንደ ወደደ ነገራት። ዲሴምበር 3 ቀን ማታ ከቤቷ በመኪና ወጥታ ጠፋች። መኪናዋ በማግስቱ ጠዋት ከመንገድ ወጥቶ ተገኘ፤ እርሷ ግን አልነበረችም። ፖሊሶችና በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ጫካውንና ኩሬውን አሰሱ፤ አውሮፕላንም ተሰማራ። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር የእጅ ጓንቷን ወስዶ ለመናፍስት ጠሪ አሳየ። ከ11 ቀናት በኋላ በሰሜን እንግሊዝ በሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል ተገኘች። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም የራሷ አልነበረም፤ የአባት ስም አድርጋ የጻፈችው ባሏ የወደዳትን ሴት ስም ነበር። ለፖሊስ የጠቆሙት በዚያ ሆቴል ማታ ማታ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ያን ሁሉ ኃይል ያደከመውን ምስጢር የፈቱት፣ እንግዶች ሲጨፍሩ ጥግ ተቀምጠው የሚያዩ ተቀጣሪዎች መሆናቸው በራሷ ልብ ወለድ ውስጥ ቢጻፍ አንባቢ የማይጠላው ነው። እርሷ ስለ እነዚያ ቀናት በሕይወት ታሪኳ አንድም ነገር ሳትጽፍ አለፈች። በ1928 ትዳሩ ፈረሰ።

ወይዘሪት ማርፕል የተፈጠረችው በዚህ የኀዘን ዘመን ነው። ታሪኩ ከ1926ቱ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ይጀምራል። በዚያ ልብ ወለድ የሐኪሙ እኅት ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምታውቅ ያላገባች ሴት ነበረች። መጽሐፉ ወደ ተውኔት ሲለወጥ አዘጋጆቹ እርሷን አውጥተው በምትኳ ወጣት ቆንጆ አስገቡ። ክሪስቲ በጣም ቅር አላት። ማርፕል በዲሴምበር 1927 በአጭር ልብ ወለድ፣ በ1930 ደግሞ «በቄሱ ቤት የተፈጸመ ግድያ» በተባለው መጽሐፍ ብቅ አለች።

በሀገራችን ሠፈር እትዬ የምንላቸውን፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማን መቼ እንደ ወጣ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደ ገባ የሚያውቁትን እናት ያሰበ ሰው ማርፕልን ያውቃታል። አትክልቷን ስትኮተኩት ጎረቤቶቿን ታያለች፤ ወፎችን የምታይበት መነጽርም ከወፍ ሌላ ያሳያታል። የምርመራ ዘዴዋም ቀላል ነው። አዲስ ሰው ሲያጋጥማት በመንደሯ ካለ ከአንድ ሰው ጋር ታመሳስለዋለች፤ ይህ ሰው ያን የዓሣ ነጋዴውን ልጅ ይመስላል ትላለች። መርማሪ ፖሊሶቹ ይስቁባታል። ታሪኩን የሚተርከው ቄስ ራሱ ስለ ሚስቱ የቤት አያያዝና ስለ ምእመናኑ ሐሜት ሲናገር አንባቢን ያስቃል። በመጽሐፉ ፍጻሜ ሳቁ ወደ ፖሊሶቹ ይዞራል።

ለዚህ ክፍለ ዓለም አንባቢ የክሪስቲ ሕይወት ይበልጥ የሚቀርበው ከፍቺው በኋላ ነው። በ1928 መገባደጃ ብቻዋን በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ተሳፍራ በኢስታንቡልና በደማስቆ በኩል ባግዳድ ገባች። በደቡብ ኢራቅ የጥንቷን የዑር ከተማ ይቆፍሩ የነበሩት ባለሙያዎች ባለቤት መጽሐፏን ወድደው ስለነበር በክብር ተቀበሏት። በ1930 ተመልሳ ስትሄድ ማክስ ማሎዋን የተባለ ወጣት አርኪዮሎጂስት አካባቢውን እንዲያስጎበኛት ታዘዘ። በመንገድ ላይ መኪናቸው በረሃ ውስጥ አሸዋ ያዘው። ማክስ ሴትየዋ ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሷ በመኪናው ጥላ ሥር ጋደም ብላ እንቅልፏን ተኛች። እንዲህ ያለች ሴት ጥሩ ሚስት እንደምትሆን የቆረጠው በዚያች ሰዓት እንደ ሆነ በኋላ ነግሯታል። ከሪያድ ወጣ ብሎ አሸዋ መኪናውን የያዘበት ሰው የማክስን ፍርድ ትክክለኛነት ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ተጋቡ፤ በዕድሜ 13 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትበልጠው ነበር።

ከዚያ ጀምሮ ብዙዎቹን ዓመታት በከፊል በኢራቅና በሶርያ የቁፋሮ ሥፍራዎች አሳለፈች። ሥራ ፈት እንግዳ አልነበረችም። ሸክላ ትጠግን፣ ፎቶግራፍ ታነሣ፣ የተገኘውን ዕቃ ትመዘግብ ነበር። ከ1949 ጀምሮ በተቆፈረው በናምሩድ የወጡትን የጥንት የዝሆን ጥርስ ቅርጾች በቀጭን የሹራብ መሥሪያ መርፌና በፊት ቅባት ታጸዳቸው ነበር፤ ቅባቱ ለቅርጾቹ ከማለቁ የተነሣ ለገዛ ፊቷ ሳይተርፋት ቀረ። በዚያ በጭቃ ጡብ የተሠራላት ክፍል «ቤት አጋታ» ትባል ነበር። የሕይወት ታሪኳን መጻፍ የጀመረችው እዚያ፣ በ1950 ነው።

«ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ» በ1934፣ «ግድያ በመስጴጦምያ» በ1936፣ «ሞት በናይል ላይ» በ1937 የወጡት ከዚህ ኑሮ ነው። የመስጴጦምያው መጽሐፍ ሟች በቁፋሮ ሥፍራ ያለች የኃላፊው ሚስት ናት፤ የዑርን ባለሙያዎች የሚያውቅ ሁሉ ማንን እንደምትመስል አልጠፋውም። በሶርያ ስላሳለፈችው ኑሮ የጻፈችው የ1946ቱ መጽሐፍ ደግሞ ግድያ የሌለበት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉ ቀልድ የሆነ ነው።

የክሪስቲ መጻሕፍት እንከን የላቸውም ማለት አይቻልም። የዘመኗ የእንግሊዝ ሀብታሞች ለውጭ ሰውና ለአገልጋይ የነበራቸው ንቀት በብዙ ገጾች ላይ ይታያል፤ አንዳንዱ አጻጻፍ፣ የአንድ ታዋቂ መጽሐፏ የቀድሞ ርእስ ጭምር፣ ለሰው ክብር የማይስማማ ሆኖ በኋላ ተለውጧል። የቤት ሠራተኞቿም ብዙ ጊዜ ፈሪና ሞኝ ተደርገው ይሣላሉ። ነገር ግን እዚያው ውስጥ ከዚህ የሚቃረን ሌላ ነገር አለ። ከዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ኑሯቸው በሰው ቤት ሥራ ላይ የተመሠረተ ብዙዎች ናቸውና፣ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል።

በ1953 በወጣው «አጃ የሞላበት ኪስ» ግላዲስ የተባለች ወጣት አለች። በወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ያደገች፣ የቤት ሥራን ወይዘሪት ማርፕል ያስተማረቻት ናት። በሀብታም ቤት ተቀጥራ ሳለች የቤቱ ጌታ በመርዝ ይሞታል። ፖሊሱም ጋዜጣውም በጌታው ሞት ሲጠመድ፣ ግላዲስ በልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ታንቃ ተገድላ ትገኛለች፤ ገዳዩም አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦታል። ማርፕል ይህን በጋዜጣ ስታነብ ሻንጣዋን ይዛ በባቡር ትመጣለች። ማንም አልጠራትም። የመጣችው ስለ ጌታው ውርስ አይደለም፤ ያችን መቆንጠጫ ይቅር ልትል ስላልቻለች ነው። ልጅቱን መግደል አንሶ መቀለጃ ያደረጋት ሰው ማን እንደ ሆነ እዚህ አልናገርም፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ይቀየመኛል። ጉዳዩ ተፈትቶ ማርፕል ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ከግላዲስ የተላከ፣ በመንገድ የዘገየ ደብዳቤ ይጠብቃታል። ልጅቱ ምክር ጠይቃ፣ ፎቶግራፍ ጨምራ ጽፋላት ኖሯል። በክሪስቲ ሥራዎች ውስጥ እንደዚህች ገጽ ልብ የሚነካ ጥቂት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ በታተመው «የ4፡50 ባቡር ከፓዲንግተን» ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ሟች ሳትሆን መርማሪ ናት። አንዲት አሮጊት ከባቡር መስኮት፣ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ ባቡር ውስጥ ሰው ሲታነቅ ታያለች፤ አስከሬን ስላልተገኘ የሚያምናት የለም። ጓደኛዋ ማርፕል አስከሬኑ የተጣለበትን ሥፍራ በስሌት ትደርስበታለች፤ እርሷ ግን አርጅታለች። ስለዚህ ሉሲ አይልስባሮን ትልካለች። ሉሲ በኦክስፎርድ በሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ናት፤ ጥሩ የቤት ሠራተኛ በጠፋበት ዘመን ይህ ሥራ ከሌላው ሁሉ የተሻለ እንደሚከፍል አስልታ የገባችበት ነች። አሠሪዋን የምትመርጠው እርሷ፣ የምትቆይበትን ጊዜ የምትወስነውም እርሷ ናት። ታበስላለች፣ ታጸዳለች፣ በትርፍ ሰዓቷ የጎልፍ ኳስ የምትፈልግ መስላ ግቢውን ታስሳለች። አስከሬኑንም ታገኘዋለች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሪስቲ ቦምብ በሚወርድባት ለንደን ዳግመኛ ወደ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ተመለሰች። በ1941 ያወጣችው የስለላ ልብ ወለድ ሜጀር ብሌችሊ የተባለ ሰው ስለነበረበት የብሪታኒያ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ተደናገጠ። የጠላት ምስጢራዊ መልእክት የሚፈታበት ሥፍራ ስሙ ብሌችሊ ነበርና ማን ነገራት ተባለ። በዘዴ ስትጠየቅ፣ በዚያ ጣቢያ ባቡር ዘግይቶባት ተሰላችታ ስለነበር ስሙን ለአሰልቺ ገጸ ባሕርይ እንደ ሰጠችው ገለጸች።

በራሷ ላይም ትቀልድ ነበር። አሪያድኒ ኦሊቨር የተባለችው ገጸ ባሕርይ ፊንላንዳዊ መርማሪ ፈጥራ የሰለቸችው ደራሲ ናት፤ ክሪስቲም ከፑዋሮ ጋር እንዲሁ ነበረች። ቢሆንም አንባቢ ስለወደደው አቆየችው። በ1975 የፑዋሮን ሞት የያዘው መጽሐፍ ሲወጣ ኒውዮርክ ታይምስ በመጀመሪያ ገጹ የሞት ዜናውን አተመ፤ ሟቹ በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው። «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ተውኔቷ ከኖቬምበር 1952 ጀምሮ በለንደን ሲታይ፣ ረጅም ጊዜ የተቋረጠው በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ነው። ተመልካቹ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል፤ ብዙውም ምስጢሩን ይጠብቃል። የተውኔቱን ገቢ ለልጅ ልጇ የልደት ስጦታ አድርጋ ሰጥታው ነበር።

አጋታ ክሪስቲ ጃንዋሪ 12 ቀን 1976 በ85 ዓመቷ አረፈች። 66 የምርመራ ልብ ወለዶችን ትታለች።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1977፣ የ19 ወር ሕፃን ልጅ ከኳታር በአውሮፕላን ወደ ለንደን ተወሰደች። ራሷን ልትስት ደርሳ ነበር፤ ሐኪሞቹም በሽታዋን ሊያውቁ አልቻሉም። ሕፃኗን ታስታምም የነበረች አንዲት ነርስ በዚያ ሰሞን የክሪስቲን የ1961 መጽሐፍ «ሐመር ፈረስ»ን ታነብ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ታሊየም በተባለ መርዝ የተጎዱ ሰዎች ጠጉራቸው ይረግፋል። የሕፃኗም ጠጉር መርገፍ ጀምሮ ነበር። ነርሷ ሐኪሞቹ በተሰበሰቡበት ያሰበችውን ተናገረች። ምርመራው ሲደረግ በሕፃኗ ሰውነት ውስጥ ታሊየም ተገኘ፤ ምንጩም በቤት ውስጥ ለበረሮና ለአይጥ ማጥፊያ የተቀመጠ መርዝ ሳይሆን እንዳልቀረ ታወቀ። ሕክምናው ተጀመረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ልጅቷ ተሽሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሞቹ ስለ ጉዳዩ በሙያ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ካመሰገኗቸው ሰዎች መካከል ሟቿ ደራሲና ነርሷ ይገኛሉ።